ሆለታ፦ ጊዜ ያልተሰጣቸው ልጆች

ዛሬ ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

እሑድ ማታ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ታክሲውን አቁሞ ተራ የጠበቀ ሁሉ የሚያየው ነገር አለ። የደንብ ልብስ የለበሱ የ19 እና የ20 ዓመት ልጆች ሻንጣቸውን ተሸክመው፣ አንዳንዶቹ ጠመንጃ በትከሻቸው አንግተው፣ ወደ ማሠልጠኛቸው ይመለሳሉ። ዙሪክ ያላችሁም በዋናው ጣቢያ ታዩዋቸዋላችሁ። የስዊስ ዜግነት ያለው፣ ጤናው የተሟላ ወንድ ልጅ ይጠራል፤ የምልምሎች ሥልጠና 18 ሳምንት ነው። አሁን ደግሞ ከእነዚያ ልጆች መካከል የእኛም ልጆች አሉበት። በቅርቡ እዚሁ ሜራን አንድ ወዳጄ ለልጁ የጥሪ ደብዳቤ መጥቶለት «ከጦርነት ሸሽቼ የመጣሁ ሰው ልጄን ለወታደርነት ነው ያሳደግኩት?» እያለ ሲብከነከን አመሸ። እኔ ግን የዚያን ቀን በአእምሮዬ የመጣው ሌላ ማሠልጠኛ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሚገኘው ሆለታ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1927 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 26 ቀን ወልወል ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ግጭት ተነሣ። ሙሶሊኒ ሰበብ ሲፈልግ ኖሮ አገኘ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆለታ ባሠሩት ቤተ መንግሥት ግቢ የመኮንኖች ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዎቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ ስዊድናውያን መኮንኖች ነበሩ። ለምን ስዊድን? ስዊድን በአካባቢያችን ቅኝ ግዛት አልነበራትም፤ እንግሊዝም ፈረንሳይም ጎረቤቶቻችን ሆነው ድንበራችንን ይዘው ተቀምጠዋል። ቀደም ሲል ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ የክብር ዘበኛን ያሠለጥኑ የነበሩት ደግሞ ቤልጂጎች ናቸው።

ተማሪዎቹ እነማን ነበሩ? አብዛኞቹ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች፣ በዳግማዊ ምኒልክና በተፈሪ መኮንን፣ የተማሩ ወጣቶች። ትምህርቱ የሚሰጠው በፈረንሳይኛ ነበር። እስቲ አስቡት፦ ስዊድናዊው በራሱ ባልሆነ ቋንቋ ያስተምራል፣ የሐበሻው ልጅ በራሱ ባልሆነ ቋንቋ ይማራል። ጄኔቫ መጥተን በፈረንሳይኛ ለመንጃ ፈቃድ የተፈተንን ሰዎች ይህ ምን እንደሆነ እናውቀዋለን። ቃሉ ገብቶህ ትእዛዙ እስኪገባህ ድረስ አንዲት ቅጽበት ታልፋለች። በጦር ሜዳ ያቺ ቅጽበት ሕይወት ናት።

ከቋንቋው የሚከብድ ሌላም ነገር ነበር። አባቶቻቸው የሚያውቁት ጦር እንዲህ አልነበረም። ነጋሪት ሲጎሰም ሰው ስንቁን ይዞ ይከታል፤ የሚከተለው ጌታውን ነው፤ ዘመቻው ሲያልቅ ወደ እርሻው ይመለሳል። ዐድዋ በዚህ ሥርዓት ተሸንፎ አያውቅም ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ድል የተገኘው በእሱ ነው። ሆለታ የገባው ልጅ ግን የሚነሣው በነጋሪት ሳይሆን በሰዓት ነው። የሚታዘዘው የአገሩን መኳንንት ሳይሆን በማዕረግ የሚበልጠውን፣ ምናልባትም የማን ልጅ መሆኑን እንኳ የማያውቀውን ሰው ነው። ከጎንደር የመጣውና ከሸዋ የመጣው፣ የባላባቱ ልጅና የድኻው ልጅ፣ በአንድ መስመር ይቆማሉ። ይህ ልማድ በአንድ ክረምት አይገነባም።

አሁን የቀድሞ ሙያዬ ይናገር። መሪ ከመጨበጤ በፊት መሐንዲስ ነበርኩ። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ጥንካሬውን የምንለካው በ28ኛው ቀን ነው። በ7ኛው ቀን ስታየው የጠነከረ ይመስላል፤ በእግርህ ብትቆምበት ይችልሃል። ነገር ግን ያለው አቅም ከሚጠበቀው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ደጋፊውን እንጨት አንሥተህ ሙሉውን ጭነት ብትጭንበት ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ደግሞ ጥፋቱ የሲሚንቶው አይደለም፤ የቸኮለው ሰው ነው። የሆለታ ልጆችም ገና ያልደረቁ ነበሩ።

ያቻኮላቸው ማን ነው? ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ትልልቆቹ መንግሥታት «ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም» ብለው ነበር። ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? ጣሊያን ግን መሣሪያውን በራሱ ፋብሪካ ይሠራል፤ የተዘጋው የእኛ በር ብቻ ነው። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ቤልጂጎች ያሠለጠኑት የክብር ዘበኛ አለቀ። የመርዝ ጋዝና አውሮፕላን ባለበት ጦርነት ጀግንነት ብቻውን አልበቃም። ደሴ ተያዘ። የባዶሊዮ ጦር በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ገሠገሠ። ያኔ በመዲናዪቱ አቅራቢያ በሥርዓት ሊታዘዝ የሚችል ኃይል ሲፈለግ የተገኘው ምንድን ነው? ትምህርት ቤት። በሚያዝያ ካፒቴን ታምና የሆለታ ልጆች ከደብረ ሲና በላይ ጣርማ በር ላይ ተሰለፉ። መንገዱን ለጊዜው አስቸገሩ እንጂ ሊዘጉት አልቻሉም። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ገና ዓመት ከጥቂት ወራት ቢሆነው ነው።

ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ። ሚያዝያ 27 ጣሊያን ገባ። ስዊድናውያኑም ወደ አገራቸው ሄዱ። እዚህ ላይ ታሪኩ ያለቀ ይመስላል። ደጋፊው እንጨት ተነሥቷል፤ መፍረስ ነበረበት።

አልፈረሰም። ከሆለታ ልጆች ብዙዎቹ መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ነቀምት ተጓዙ። እዚያ ከሌሎች ምሁራን ጋር ሆነው ጥቁር አንበሳ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። ሊቀ መንበሩ እንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ፤ ከመሪዎቹ አንዱ በፈረንሳይ የጦር ትምህርት የቀሰሙት ክፍሌ ናሲቡ። እኔን የሚገርመኝ መሣሪያቸው አይደለም፤ መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ነው። ቁጭ ብለው ደንብ ጻፉ። ወታደሩ ለፖለቲካው አመራር ይታዘዝ፤ ገበሬው አይዘረፍ፤ ምርኮኛ አይበደል። አገር በፈረሰበት፣ ጠግቦ መብላት ባልተቻለበት ወቅት፣ ጢማቸው በቅጡ ያልበቀለ ልጆች ስለ ገበሬው እህል አንቀጽ ያወጣሉ! ከሆለታ ይዘውት የወጡት ይህን ነው። ተኩስማ አባቶቻቸውም ያውቁ ነበር።

አሁን ወደምንኖርበት ከተማ ልመልሳችሁ፤ ቀኖቹን ልብ በሉ። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ነቀምት አጠገብ ቦናያ በሚባል ሜዳ ያረፉትን ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች የጥቁር አንበሳ ልጆች በሌሊት አጥቅተው አቃጠሉ። የጣሊያን አየር ኃይል ጄኔራል ማሊዮኮና ዝነኛው አብራሪ ሎካቴሊ እዚያ ሞቱ። ከተሳፋሪዎቹ የተረፉት ቦሬሎ የተባሉ ቄስ ብቻ ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 23፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚህ ጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ ተናገሩ፤ የጣሊያን ጋዜጠኞችም በፉጨት ረበሿቸው። ንግግሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቱሪስት በተሳፈረ ቁጥር የምንተርከው እሱን ነው። በዚያው ሳምንት ወለጋ ውስጥ የተደረገውን ግን ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረናል? ማኅበሩ ንግግሩን ሰማና በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ፤ ሐምሌ 8 ተነሣ።

የቀረው ያማል። በኋላ የጦሩን አመራር የያዙት ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። በዚያው ወር፣ ይህ ዛሬ ግብር የምንከፍልበት አገር፣ ስዊዘርላንድ፣ የጣሊያንን ገዢነት በኢትዮጵያ ላይ አውቃ ተቀበለች። ራስ እምሩ ወደ ጣሊያን ደሴት ተጋዙ። የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ደግሞ የተማረ ወጣት እየተለቀመ ተገደለ። ክፍሌ ናሲቡ፣ ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይ፣ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ከተረሸኑት ናቸው። ከነጻነት በኋላ አገሪቱ መኮንን፣ መሐንዲስ፣ አስተዳዳሪ ስትፈልግ እነዚያ ልጆች አልነበሩም። ከሆለታ የመጀመሪያ ተማሪዎች ተርፈው ለከፍተኛ ማዕረግ ከደረሱት አንዱ ሙሉጌታ ቡሊ ናቸው፤ እሳቸውም በ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሞቱ።

ይህን ሁሉ ለምን ጻፍኩት? ማሠልጠን ማለት ለልጅ ጊዜ መስጠት ነው ለማለት ነው። ስዊስ ከ1931 እስከ 1937 ዓ.ም. ድረስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ተቀምጣ ወጣቶቿን አሠልጥናለች፤ እድል ረድቷት ብዙዎቹ ሳይተኩሱ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። የእኛ አገር ግን ጊዜ ሰጥታ አታውቅም። በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ ስትወርር፣ በዚያው በአምቦ መንገድ፣ ከሆለታ መለስ ብሎ ታጠቅ በተባለው ጦር ሰፈር፣ ብዛቱ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ገበሬ በጥቂት ወራት ሠልጥኖ ዘመተ። ስንቱ ተመለሰ? ከእናንተ መካከል አባቱን ወይም አጎቱን ከታጠቅ የሸኘ ሰው መልሱን በቤቱ ያውቀዋል።

እናም ከዚህ ከሞቀ ቤታችን፣ ስልካችንን ይዘን «ተነሥ፣ ዝመት፣ ምን ትጠብቃለህ» የምንል ወንድሞችና እኅቶች አለን። በየትኛውም ወገን ብትቆሙ አልከራከራችሁም፤ ሰው አገሩ ሲነካ ይቆጣል። ግን ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ያ ልጅ ስንት ሳምንት ሠለጠነ? ስንቁን ማን ያቀብለዋል? ቢቆስል ማን ያነሣዋል? መልስ ከሌላችሁ፣ የምትልኩት ገና ያልደረቀ ኮንክሪት ነው። የሆለታ ልጆች ስላልተሰነጠቁ ማንኛውም ልጅ አይሰነጠቅም ማለት አይደለም። እነሱም ቢሆኑ ያለ ዕድሜያቸው አለቁ።

አያቱ ወይም የአያቱ ወንድም ሆለታ የተማረ፣ ወይም ከታጠቅ የዘመተ ካለ ከዚህ በታች ይጻፍልን። ፎቶም ካለ ጨምሩበት፤ ስማቸው በቤተሰብ ውስጥ ብቻ እንዳይቀር።

ቸር ሰንብቱ።