የደም መልእክተኛ በስሜን ተራሮች

ከዳባት ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን የሚወጣ እንግዳ ሳንቃበር ሳይደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። የአገሬው ሰው ግን እዚያው ያርሳል፣ ገብስ ያጭዳል፣ ሸክሙን ይዞ ዳገት ይወጣል። ይህ ልዩነት ሳይንስን ከመቶ ዓመት በላይ ወዳደከመ ጥያቄ ይመራናል፦ አንዱ የሰውነት ክፍል የኦክስጅን እጥረት ሲሰማው ለሌላው በምን ይነግረዋል? የተነገረውስ እንዴት ይሰማል?

እ.ኤ.አ. በ1890 ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንስዋ ቪዮ የፔሩን ተራሮች ወጥቶ ደሙን ቢመረምር፣ ቀይ የደም ሴሎቹ በጥቂት ሳምንታት በዝተው አገኛቸው። በ1905 እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ፣ በደም ተጉዘው ሩቅ ያለውን የሰውነት ክፍል የሚያዙ ንጥረ ነገሮችን «ሆርሞን» ብሎ ጠራቸው። በዓመቱ ፖል ካርኖና ክሎቲልድ ደፍላንድር ደም ከተቀነሰባት ጥንቸል የወሰዱትን የደም ውሃ ለጤነኛ ጥንቸል ወጉ፤ የጤነኛዋም ቀይ ሴሎች እንደጨመሩ አስታወቁ። ይህ በደም የሚጓዝ መልእክተኛ ከኩላሊት እንደሚመነጭ ማስረጃ የተገኘው በ1957 ነበር። በ1977 ዩጂን ጎልድዋሰርና ባልደረቦቹ፣ ጃፓን ውስጥ ከደም ማነስ ሕሙማን ከተሰበሰበ 2,550 ሊትር ሽንት ከመልእክተኛው ጥቂት ሚሊ ግራም አጣርተው አወጡ። ይህ ሆርሞን ኤሪትሮፖይቲን ይባላል።

የኩላሊት ሴሎች ኦክስጅን ሲያንሳቸው ሂፍ የተባለው ፕሮቲን ሳይፈርስ ይቆይና ሆርሞኑን የሚያሠራውን ጂን ያስነሣል። ይህን ሥርዓት የገለጡት ግሬግ ሴሜንዛ፣ ፒተር ራትክሊፍና ዊሊያም ኬይሊን በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሆርሞኑ ከደም ጋር መላ ሰውነትን ይዞራል። በገበያ የተለፈፈውን አዋጅ ሁሉ ቢሰማውም የሚነሣው የሚመለከተው ነው፤ እዚህም የሚነሡት በመቅኔ ውስጥ ያሉ፣ ገና ያልበሰሉ የቀይ ደም ሴሎች ናቸው። በገጻቸው ላይ ለዚህ ሆርሞን የተሠራ ተቀባይ አላቸውና። ሆርሞኑ ሁለት ተቀባዮችን ሲያጣምር ከሴሉ ውስጥ ጃክ2 የተባለ ኤንዛይም ይነቃል፣ ምልክቱም እስከ ኒውክለስ ይደርሳል። ሊሞት የነበረው ሴል ይተርፋል፣ ይባዛል፣ በሄሞግሎቢን ይሞላል። ከበሰለ በኋላ ግን ኒውክለሱንም ተቀባዩንም ያጣል፤ ከዚያ ወዲህ መልእክቱ አይመለከተውም።

ሥርዓቱ በሰው ልጅ ሁሉ አንድ ነው፤ ልኩ ግን ይለያያል። በአንዲስ ከፍታዎች ሄሞግሎቢን በጣም ይጨምራል፤ ሐኪሙ ካርሎስ ሞንሄ በ1920ዎቹ የገለጸው የተራራ ሕመም ከዚህ ብዛት የሚመጣ ነው። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢን ከዚያ ያንሳል፤ በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ዝቅተኛ ነው። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢል ከአዲስ አበባው ሐኪም ከአምሃ ገብረመድህንና ከሌሎች ጋር በ2002 ያሳተመችው ጥናት ሦስተኛ መንገድ አሳየ። በስሜን አምባራስ አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተመርምረው ነበር። የሄሞግሎቢናቸው አማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር፣ የኦክስጅን ሙሌታቸውም 95.3 በመቶ ሆነ። ይህ በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እምብዛም አይለይም። በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ወደ ባሌ ከፍታ ከወጡ 500 ዓመት ገደማ የሆናቸው ነዋሪዎች ሄሞግሎቢን ከስሜኖቹ እንደሚበልጥ አመለከተ። የስሜኖቹ ኑሮ በከፍታው ላይ ሺህ ዓመታትን ያስቆጠረ ነው። ሰውነታቸው ደም ሳያበዛ ኦክስጅኑን እንዴት እንዳብቃቃው ምርምሩ ቀጥሏል።

ነገሩ ከቤተ ሙከራ አልፎ የጤና ጣቢያ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስን ለመለየት፣ በ3,500 ሜትር ከፍታ ከተለካው ሄሞግሎቢን ላይ 2.7 ግራም እንዲቀነስ እስከ 2024 ድረስ ለረጅም ዓመታት ሲመክር ነበር። ቀመሩ የተቀዳው ከአንዲስና ከአሜሪካ ተራሮች ነው። የአምባራስ ሴቶች አማካይ በዚያ ቀመር ሲሰላ ከ15.0 ወደ 12.3 ይወርዳል፤ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት የደም ማነስ ወሰኑ 12 ነው። እንግዲህ ብዙ ጤነኛ እናቶች ሕሙማን ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ፣ በእውነት የታመመችውም ከመካከላቸው ተለይታ አትታይም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት የሕዝብና ጤና ክትትል ጣቢያ አለው፤ ሙያውም ሰዉም እዚሁ ነው። ለደጋው ሰው ከራሱ ደም የተነሣ መለኪያ ማውጣት ይቻላል፤ ሊዘገይም አይገባም።