ከመርፌ እስከ መኪና፤ የስፌትና የጥልፍ ሥራ በሰሜን ሸዋ

የሰሜን ሸዋ ደገኛ ለብሶት የኖረው ልብስ በአብዛኛው ከጠባብ ጨርቅ ተጋጥሞና ተደርቦ የተሠራ ነው። ጋቢውም ባናውም ሲታይ አንድ ወጥ ስለሚመስል ይህ አባባል ለጊዜው እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ነገሩ ግን ከሸማኔው ጉድጓድ ይጀምራል። ሸማኔው በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ሲያቀብል የሚወጣው ጨርቅ ስፋቱ ክንዱ ከሚደርስበት አያልፍም። ስለዚህ ሰፊ ልብስ የፈለገ ሁሉ ጠባቡን ጨርቅ ጐን ለጐን ማጋጠም ወይም ደርቦ መስፋት ነበረበት። ኩታ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። የእጅ መርፌና መኪና በዚህ አገር ተወዳደሩ ሲባል፣ የተወዳደሩት በመጀመሪያ በዚህ ማንም ልብ በማይለው መጋጠሚያ ላይ ነበር።

አንኮበር ለዚህ ታሪክ የተመቸች ሥፍራ ናት። ከተማይቱ በደጋውና በቆላው መካከል ባለው ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ከበስተ ምሥራቋ በሚገኘው የይፋት ቆላ ጥጥ ይበቅላል፤ ከበስተ ሰሜን ምዕራቧ ባለው በመንዝ ደጋ ደግሞ ባለ ፀጉር በግ ይረባል። በመካከሉ ያሉት አርጎቦች በሸማኔነትና በነጋዴነት የታወቁ ሲሆኑ፣ ከአንኮበር በታች የሚገኘው የአልዩ አምባ ገበያ ከባሕር ጠረፍ በሲራራ የሚመጣውን ሸቀጥ ይቀበል ነበር። ከሸቀጡም ውስጥ ባለ ቀለም ጨርቅና ሐር ይገኙበታል። ቀደም ባለው ዘመን በአገራችን ልዩ ልዩ ክፍሎች የነበሩ ሸማኔዎች ከውጭ የመጣውን ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ እየተረተሩ ክሩን ለጥለት ያውሉት ነበር። የባዕድ አገር ጨርቅ እንደ ተሠራ አይለበስም፤ ፈርሶ ወደ ክርነቱ ተመልሶ በአገር ሸማ ዳር ይገባል። ኋላ ለመጣው ለመኪና ሥራም ሕዝቡ ያደረገለት አቀባበል ከዚህ ብዙ አልራቀም።

የመንዝ ሥራ ከአንኮበሩ ይለያል። የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ፣ ቀለሙም አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ወይም ቡናማ በመሆኑ ማቅለሚያ አያስፈልገውም። ፀጉሩ ተሸልቶና ታጥቦ በደጋን ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል። ከዚህም ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይወጣል። በርኖሱ ከተሸመነ በኋላ በውኃ እየተረገጠ እንዲጠብቅ ስለሚደረግ ዝናቡን በቀላሉ አያስገባም፤ በአንደኛው ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብሎ የሚወጣው ጫፍም መለያው ሆኖ ቀርቷል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን፣ ከዚያም በላይ በሚከፋው የመንዝ ብርድ፣ እንዲህ ያለው ልብስ የጌጥ ጉዳይ አልነበረም።

የባናው መጋጠሚያ በእጅ ሲሰፋ ዳር ከዳር ይገናኛል፤ ክሩም ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው እየተሻገረ ይይዘዋል። ጨርቁ ስለማይታጠፍ ጉብታ አይወጣም፤ ሰው ሲተኛበት አይጐረብጠውም፤ አንዱ ወገን ባለቀ ጊዜም ተተርትሮ በሌላ ሊተካ ይችላል። ቀጥታ የምትሰፋው መኪና ግን ሁለቱን ጠርዞች አንዱን በሌላው ላይ ካልደረበች ወይም ካላጠፈች አትይዛቸውም። በቀጭን ሸማ ላይ ይህ አይታወቅም፤ በወፍራም ባና ላይ ግን እንደ ገመድ የጠነከረ መስመር ይፈጥራል። ዚግዛግ የምትሰፋ መኪና ዳር ከዳር ማያያዝ ትችላለችና ጉዳዩ መኪና በመሆንና ባለመሆን ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ሆኖም ለብዙ ጊዜ በገጠር ገበያ የታየችው ቀጥታ የምትሰፋው ነበረች።

ጥልፍ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ሲገዙ የአንኮበር ግቢ የባለ እጆች መሰብሰቢያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ካፒቴን ሐሪስም ስለ ግቢው ሰፊ መጽሐፍ ጽፏል። የተጠለፈ ካባና ለምድ የማዕርግ ምልክት በመሆናቸው የጥልፍ ባለሙያ ኑሮው ከቤተ መንግሥት ጋር የተሳሰረ ነበር። ስለዚህም ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ሲያዛውሩ፣ ለባሹ ሲሄድ ጠላፊው ተከተለ። አንኮበር የጥልፍ ሥራዋ የቀዘቀዘው መኪና ከመምጣቱ በፊት ነው። ይህን ማስታወስ ይገባል፤ ለእጅ ሥራ መዳከም ሁሉ መኪናን ተጠያቂ ማድረግ የተለመደ ነውና። ባለ እጅን በሙያው መናቅም የራሱን ጉዳት አድርሷል። ምኒልክ ይህን ስድብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ በመሆኑ ነው።

በአውሮፓ ኢዮስዌ ሐይልማን የተባለ የአልዛስ ሰው የጥልፍ መኪና የሠራው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ፣ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ዙፋን ላይ ሳሉ ነበር። ይስሐቅ ስንጀር የስፌት መኪናውን በስሙ ያስመዘገበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። የስንጀር መኪና ወደ ኢትዮጵያ ገብታ ከተስፋፋች በኋላ በየገበያው በረንዳ ላይ የልብስ ሰፊው ሁነኛ መሣሪያ ሆነች። ጥልፍም ትጠልፍ ጀመር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጨርቁን የምትጫነው እግር ትነሣለች፤ ጨርቁን ወደ ፊት የሚገፉት ጥርሶች ይሸፈናሉ ወይም ዝቅ ይላሉ፤ ጨርቁም በክብ እንጨት ይወጠራል። ከዚያ በኋላ መኪናዋ የምታደርገው መርፌውን ማውጣትና ማውረድ ብቻ ሲሆን፣ ሐረጉንና መስቀሉን የሚያወጣው ክቡን እንጨት ወዲያና ወዲህ የሚያንቀሳቅሰው የባለሙያው እጅ ነው። ስለዚህ «የስንጀር ጥልፍ» ከግማሽ በላይ የእጅ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ጠላፊዎች በአንድ ዓይነት መኪና ላይ ተቀምጠው ሥራቸው አይመሳሰልም፤ የእጅ ጽሕፈት ከሰው ሰው እንደሚለይ ሁሉ።

በባናው ላይ የደረሰው ግን ከዚህ የከበደ ነው። በ1957 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የሱፍና የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተከፈተ። የፋብሪካው መሸመኛ በሰው ክንድ ርዝመት ስለማይወሰን ብርድ ልብሱን ከነሙሉ ስፋቱ ያወጣዋል። መጋጠሚያ የሚባል ነገር ጠፋ። መርፌውን ያሸነፈው የስፌት መኪና አልነበረም፤ የሚሰፋ ነገር እንዳይኖር ያደረገው ሰፊው መሸመኛ ነው። ቀጥሎም በደብረ ብርሃን በተቋቋመው የበግ ማራቢያ ማዕከል የመንዝን በግ ከውጭ ዝርያዎች ጋር በማዳቀል ፀጉሩን ለማሻሻል ብዙ ተደከመ። ሻካራው ፀጉር ለፈታዪቱና ለባናው እንከን አልነበረም፤ እንከን የሆነው በፋብሪካው መለኪያ ሲታይ ነው። ፋብሪካው ለከተማይቱ ሥራና ስም አምጥቷል፤ ርካሽ ብርድ ልብስም ለብዙ ቤት ደርሷል። ነገር ግን በእንዝርት ላይ ተቀምጣ በጓሮዋ በግ ፀጉር ጨው የምትገዛ የመንዝ ሴት ከፋብሪካው ደመወዝ ድርሻ አልነበራትም።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የጥልፍ መኪና መጥቷል። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ፣ በደብረ ብርሃንም ጭምር፣ የአገር ባህል ቀሚስ የሚገዛ ሰው ሻጩን «የእጅ ነው የኮምፒውተር?» ብሎ ይጠይቃል። ንድፉ አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ በብዙ መርፌ ያለ ልዩነት ይባዛል፤ የባለሙያው ድርሻም ጨርቁን መወጠርና ክር መቀየር ይሆናል። ቁራጭ ጨርቅ አጋጥሞ ድርብ የአልጋ ልብስ መስፋትን ነባር ልማድ ባደረጉት በሰሜን አሜሪካ ሴቶች ዘንድ ይኸው መኪና ለሌላ አገልግሎት ውሏል። ጥልፍ መጥለፍ ብቻ ሳይሆን ቁራጮቹን ራሳቸውን ያጋጥማል፦ በመጀመሪያ በተወጠረው ጨርቅ ላይ መስመር በመርፌ ያወጣል፤ ሴትዮዋ ቁራጩን በመስመሩ ላይ ታኖራለች፤ መኪናው ይሰፋዋል፤ እርሷም አጥፋ ሌላውን ታስከትላለች። ጠርዙ ሳይዛነፍ ይገጥማል። በዚያም አገር «ይህ የእጅ ሥራ ይባላልን?» የሚል ክርክር አለ። ሆኖም ያቺ ሴት ቁራጩን የምትመርጠው ራሷ ናት፤ የምትሰፋውም በአብዛኛው ለቤቷ ወይም ለወዳጅ ስጦታ ነው። የእኛ ጠላፊ ግን የሚጠልፈው ለእንጀራው ነው። አንድ ቀሚስ ለመጥለፍ ብዙ ቀን የሚፈጅበት ሰው፣ በጥቂት ሰዓት የተጠለፈ ቀሚስ በአጠገቡ «የእጅ ነው» ተብሎ ሲሸጥ፣ የተነጠቀው ገበያውን ብቻ ሳይሆን የሥራውንም ስም ነው። መኪናው በስሙ ቢሸጥ ገዢው በአቅሙ መርጦ ይወስዳል፤ ችግሩ ያለው በስሙ አለመሸጡ ላይ ነው።

ዓይኑን ያሠለጠነ ገዢ የቀሚሱን ጀርባ ገልብጦ ያያል። በኮምፒውተር የተጠለፈው በጀርባው አንድ ዓይነት የታች ክርና ብዙ ጊዜም ማጠንከሪያ ጨርቅ ይገኝበታል፤ በእጅ የተጠለፈው ደግሞ ክሩ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ሲሻገር የተወው መንገድ ይታያል። ጋቢም ሲሆን ደርዙ አሁን በመኪና መሰፋቱ የተለመደ ሆኗል፤ ይህን የሚነቅፍም ብዙ የለም። ዘርፉ ግን ገና በእጅ ይቋጫል፤ ክሩም በሁለት መዳፍ መካከል እየተገመደ ይታሰራል።