ያልተተኮሰው ጥጃ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

እንዲህ ስትመልሱልኝ ደስ ይለኛል፤ የዛሬው ወሬዬም የከብት ነውና። ግን ተረት አይደለም፤ በረትም የለበትም። ጣጣው ሁሉ የመጣው በረት ስላልነበረ ነው።

ቶም ክሩዝ አውሮፕላን አብራሪ በሆነበት ፊልም “ማቨሪክ” ሲባል ሰምታችኋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው “እሱ እኮ ማቨሪክ ነው” ካለ፣ በማንም ገመድ የማይጎተት፣ ከጓዶቹ ተነጥሎ በራሱ መንገድ የሚሄድ ማለቱ ነው። ቃሉ ግን መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎም የጥጃ ስም ነበር።

ሰውየው ሳሙኤል ማቨሪክ ይባላል። በ1803 (ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው በፈረንጅ ነው) ደቡብ ካሮላይና ተወለደ፤ ሕግ ተማረ፤ ቴክሳስ ገባ። በ1836 ቴክሳስ ከሜክሲኮ ስትለይ የነፃነት አዋጁን ከፈረሙት አንዱ ነው፤ በ1839 የሳን አንቶኒዮ ከንቲባ ሆነ። ልቡ ያለው መሬት ላይ ነበር፤ ይገዛል፣ ደግሞ ይገዛል። ለከብት ግን ደንታም አልነበረው።

ታዲያ በ1840ዎቹ አንድ ባለዕዳ 1,200 ዶላር መክፈል ቢያቅተው በገንዘቡ ፋንታ 400 ከብት ነዳለት። ሂሳቡን ምቱት፤ አንዱ በ3 ዶላር! ማቨሪክ ተቀበለና ማታጎርዳ በሚባል ባሕረ ገብ መሬት ላይ ለቀቃቸው። እንዲጠብቅለት ጥቁር ባሪያውን ከነቤተሰቡ እዚያው አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ተመለሰ።

ያን ጊዜ በዚያ አገር ከብት ሜዳ ላይ ይውል፣ ሜዳ ላይ ያድር ነበር። የማን እንደሆነ የሚለየው በተኩስ ነበር። ጥጃው ይጣላል፣ እግሩ ይጠፈራል፣ ከፍም የወጣ ቀይ ብረት ታፋው ላይ ይለጠፋል። ጸጉሩ ይንጨረጨራል፣ እናቲቱ ትጮኻለች፤ አለቀ፣ ጥጃው ባለቤት አገኘ። የማቨሪክን ጥጆች ግን የሚተኩስ ጠፋ። አንዳንዱ ጥፋቱን በእረኛው ላይ አላከከ። ለእኔ ግን አይዋጥልኝም፤ ከመንጋው አንዲት ጊደር የማትደርሰው፣ ራሱም ከከብቱ ጋር የተቆጠረ ሰው፣ የጌታው ጥጃ ጠፋ ብሎ ለምን ይሩጥ?

ጥጆቹ ጡት ጣሉ፤ ወይፈንና ጊደር ሆኑ፤ ታፋቸው ግን እንደተወለዱ ነው። ጎረቤት አየ።

“ይሄስ የማን ነው?”

“የማቨሪክ ነዋ! ሌላ የማን ይሆናል?”

ይህን እየተባባሉ ብረቱን ያግላሉ፤ ይተኩሱታል፤ በራሳቸው ምልክት! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እዚያ ደግሞ የሚነቀነቅ አጥርም አልነበረ። በ1856 ሰውየው መንጋውን ሸጦ ተገላገለ። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ወንዱ ዘመተ፣ ከብቱ ያለ ጠባቂ ተራባ፣ በየሜዳው ምልክት የሌለው ሁሉ “ማቨሪክ” ሆነ። ከዚያ ቃሉ ወደ ሰው ተሻገረ፤ የፓርቲውን ተኩስ ታፋው ላይ አላሳርፍም ላለ ፖለቲከኛ። በ2008 ጆን ማኬን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር “ማቨሪክ” ቢባል የሳሙኤል ቤተሰብ ዘሮች ተቆጡ፤ ስሙ የእኛ ነው፣ አይገባውም ብለው።

የዚህ ቤት ጉድ አላለቀም። የሳሙኤል የልጅ ልጅ ሞሪ ማቨሪክ ልክ ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1939፣ የአያቱን የከንቲባነት ወንበር ያዘ። በ1944 ዋሽንግተን ላይ የአንድ የጦርነት ጊዜ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሳለ የቢሮው ጽሑፍ አንገፈገፈው፤ ረጅም፣ የተነፋ፣ ራስና እግሩ የማይለይ። ስም አወጣለት፦ “ጎብልዲጉክ”። ከየት አመጣኸው ሲሉት፣ አገር ቤት ያለ ተርኪ ትዝ ብሎኝ ነው አለ፤ ያ ላባውን ነፍቶ እየተንጎራደደ “ጎብል፣ ጎብል” የሚለው ወፍ። ለሠራተኞቹም በጽሑፍ አስጠነቀቀ፤ “አክቲቬሽን” ወይም “ኢምፕሊመንቴሽን” (እኛም ስብሰባ ላይ የማናጣት!) የሚል ሰው ይተኮስበታል አለ።

በጥይት ማለቱ ነው። በጋለ ብረት መተኮሱንማ አያቱም አልቻለበት።