ዒሳም አል-ሐደሪ፦ ከግብ መስመር እስከ በረኞች አሰልጣኝነት

ግብፃዊው ዒሳም አል-ሐደሪ በአፍሪካ እግር ኳስ ብዙ ዋንጫ ካነሱና ረጅም ዕድሜ ከተጫወቱ በረኞች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1973 በሰሜን ግብፅ ዲምያጥ ግዛት፣ ከፍር አል-በጢኽ በምትባል ቦታ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ለብሔራዊ ቡድኑ 159 ጊዜ ተሰልፏል፤ የአፍሪካ ዋንጫን በ1998፣ በ2006፣ በ2008 እና በ2010 ከቡድኑ ጋር አንስቷል። የአገሩ ደጋፊዎች በአስዋን ግድብ ስም «ከፍተኛው ግድብ» ይሉታል። ግብፅና ግድብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ የአንባቢያችን ሐሳብ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን፤ የዛሬው ጉዳያችን ግን ኳስ ብቻ ነው።

አል-ሐደሪ በትውልድ አካባቢው በዲምያጥ ክለብ ጀምሮ በ1996 ወደ ካይሮው አል-አህሊ ገባ። በ1998ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ተጠባባቂ ነበር፤ ግቡን የሚጠብቀው ናዲር አል-ሰይድ ነበር። ከዚያ በኋላ በአህሊ ያሳለፋቸው ዓመታት የገነነባቸው ናቸው። በ2001፣ በ2005 እና በ2006 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን አሸነፈ። በ2002 የአፍሪካ ሱፐር ካፕ ላይ ደግሞ ከራሱ ሜዳ በመታው ረጅም ቅጣት ምት በደቡብ አፍሪካው ካይዘር ቺፍስ ላይ ግብ አስቆጥሯል።

በ2006 በካይሮ የተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ያለ ግብ ተጠናቆ ወደ መለያ ምት ሲያመራ የኮትዲቯሩን ዲዲየር ድሮግባን እና የባካሪ ኮኔን ምቶች አዳነ። ከድል በኋላ የግቡ አግዳሚ ላይ ወጥቶ መጨፈር መለያው ሆኖ ነበር።

ጉዞው ግን እንከን አልባ አልነበረም። በ2008 የጋናውን ዋንጫ ይዞ እንደተመለሰ ክለቡ ሳይስማማ ወደ ስዊዘርላንዱ ሲዮን ሄደ። አል-አህሊ ለፊፋ አመለከተ፤ ውሳኔውም የአራት ወር እገዳና የካሳ ክፍያ ሆነ። ጉዳዩ እስከ ስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ደርሶ እገዳው በ2010 ጸና። በእኛ እይታ ውል ያለበት ተጫዋች ቃሉን ሳይፈታ መሄዱ የሚደገፍ አይደለም። ከዚያ በኋላ ኢስማዒሊን፣ ዛማሌክን፣ የሱዳኑን አል-መሪኽንና ሌሎች ክለቦችን አዳረሰ። ብዙዎች ዘመኑ አብቅቷል ብለው ነበር።

ግብፅ ከሦስት ተከታታይ የአፍሪካ ዋንጫዎች ቀርታ በ2017 ወደ ጋቦን ስትሄድ አል-ሐደሪ 44 ዓመት ከሁለት ቀን ሆኖት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከማሊ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ አሕመድ አል-ሸናዊ በ25ኛው ደቂቃ ተጎድቶ ሲወጣ አዛውንቱ ገባና የውድድሩ ታሪክ አንጋፋ ተጫዋች ሆነ። እስከ ግማሽ ፍጻሜው ድረስ ግብ አልተቆጠረበትም። በግማሽ ፍጻሜው ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ተለያይተው በመለያ ምት ሁለት ኳሶችን አድኖ ቡድኑን ለፍጻሜ አበቃ፤ ዋንጫውን ግን ካሜሩን 2 ለ 1 አሸንፋ ወሰደች።

ተጠባባቂ በረኛ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ2013 ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ ከዛምቢያ ጋር በነበረው የመጀመሪያ ግጥሚያ በረኛው ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ አየ። ዘሪሁን ታደለ ተተካ። በሦስተኛው ግጥሚያ ከናይጄሪያ ጋር ግቡን የጠበቀው ሲሳይ ባንጫም ማብቂያው ላይ በቀይ ወጣ፤ ቅያሪው አልቆ ስለነበር ጓንቱን ያጠለቀው የመሃል ሜዳ ተጫዋቹ አዲስ ሕንጻ ነበር። ቪክቶር ሞሰስ የመታው ፍጹም ቅጣት ምትም ከመረብ አረፈ።

አል-ሐደሪ በሩሲያው የ2018 የዓለም ዋንጫ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግጥሚያዎች ከወንበር ተመለከተ። ቦታው የሙሐመድ አል-ሸናዊ ነበር (ከላይ ካነሳነው አሕመድ የተለየ ሰው ነው፤ ከኡራጓይ ግጥሚያ በኋላ የቢራ አምራች ስፖንሰር ያደረገውን የጨዋታው ኮከብ ሽልማት ያልተቀበለውም እርሱ ነው)። ጁን 25 ቀን በቮልጎግራድ ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር አል-ሐደሪ ተሰለፈ። ዕድሜው 45 ዓመት ከ161 ቀን ነበር፤ በዓለም ዋንጫ ከዚያ በፊት በዚህ ዕድሜ የተጫወተ የለም። የፈህድ አል-ሙወለድን ፍጹም ቅጣት ምት በአንድ እጁ መልሶታል። ግብፅ 2 ለ 1 ተሸነፈች፤ እርሱም በዚያው ዓመት ከብሔራዊ ቡድን ተሰናበተ።

በ2021 ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ኬሮዝ ግብፅን ሲረከቡ አል-ሐደሪ የበረኞች አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። ይህ ሙያ በእኛ ዘንድ ገና ተገቢ ቦታውን አላገኘም። ብዙ ጊዜ በሰፈር ሜዳ በረኛ የሚሆነው መሮጥ ያልሆነለት ልጅ ነው፤ አቋቋሙንም ሆነ አወዳደቁን የሚያርመው ሰው የለም። በአዘናም ሆነ በሌላ ትንሽ ከተማ በረኛ መሆን የሚመኝ ልጅ ከኳስና ከጓንት እኩል የሚያስፈልገው ይህ ሰው ነው። በረኛ ኳስ ከ11 ሜትር ሲመታበት የሚያስብበት ጊዜ የለውም፤ የመቺውን አረማመድና የእግሩን አቀማመጥ ማንበብ አስቀድሞ የተማረው ነገር መሆን አለበት።

የአል-ሐደሪ ሥራ በጃንዋሪ 2022 በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ተፈተነ። ከኮትዲቯር ጋር በነበረው ጥሎ ማለፍ ሙሐመድ አል-ሸናዊ በ88ኛው ደቂቃ ተጎዳ። የገባው በቅጽል ስሙ ጋባስኪ የሚባለው የዛማሌኩ ሙሐመድ አቡ ጀበል ነው። በመለያ ምቱ የኤሪክ ባይን ኳስ አዳነ። በሩብ ፍጻሜው ሞሮኮን ሲያሸንፉ እርሱም ተጎድቶ ሦስተኛው በረኛ ሙሐመድ ሱብሒ ገብቶ ጨረሰ። ጋባስኪ ግን ለግማሽ ፍጻሜው ደርሶ የአዘጋጇን የካሜሩንን ሁለት መለያ ምቶች መለሰ።

ፌብሩዋሪ 6 ቀን በያውንዴ በተደረገው ፍጻሜ ከሴኔጋል ጋር በ7ኛው ደቂቃ ሳዲዮ ማኔ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። መለያ ምቱ ሲጀመር የመቺዎቹ ልማድ የተጻፈበት የውኃ ጠርሙስ በእጁ ነበር። የቡና ሳርን ኳስ አወጣ፤ የመጨረሻውን የማኔን ምት ግን መመለስ አልቻለም። ሴኔጋል 4 ለ 2 አሸንፋ የመጀመሪያ ዋንጫዋን ወሰደች። የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ጋባስኪ ነበር።