የሳንታሎች ርስት፦ ከደን ምንጠራ እስከ 1855ቱ አመፅ

በምሥራቅ ሕንድ በጃርክንድ፣ በምዕራብ ቤንጋል፣ በኦዲሻና በቢሃር ግዛቶች የሚኖሩት ሳንታሎች ከአገሪቱ ነባር ጎሣዎች መካከል በቁጥር ከብዙዎቹ የሚልቁ ሲሆኑ፣ ሳንታሊ የተባለው ቋንቋቸው ከጎረቤቶቹ ከሂንዲና ከቤንጋሊ የተለየና የክመርና የቬትናም ቋንቋዎች ከሚገኙበት ቤተሰብ የሚመደብ ነው። የዚህ ሕዝብ ታሪክ በአመዛኙ ጫካ መንጥሮ ያቀናውን መሬት ለመጠበቅ ያደረገው ትግል ታሪክ ነው።

የሳንታሎች ማኅበራዊ ሕይወት የሚመሠረተው በመንደር ላይ ነው። መንደሩን ማንጂ የተባለ አለቃ ይመራል፤ ፓራኒክ ምክትሉ፣ ጎዴት መልእክተኛው ሲሆኑ፣ ጆግ ማንጂ የወጣቶችን ጠባይ ይከታተላል፣ ናይኬ የተባለው ካህን ደግሞ መሥዋዕት ያቀርባል። ሕዝቡ ሙርሙ፣ ሶሬን፣ ሄምብሮምና ኪስኩን በመሳሰሉ ጎሳዎች የተከፈለ በመሆኑ አንድ ሰው ከራሱ ጎሳ ማግባት አይፈቀድለትም። አዲስ መንደር ሲመሠረት ከጥንቱ ደን ጥቂት የሳል ዛፎች፣ ማለትም እንጨታቸው ጠንካራ የሆነ የአካባቢው ዛፎች፣ ሳይቆረጡ ይተዋሉ፤ ጃሄር የሚባለው ይህ የተቀደሰ ስፍራ የማራንግ ቡሩ፣ የታላቁ ተራራ መንፈስ፣ እና የሌሎች መናፍስት ማደሪያ እንደሆነ ይታመናል። በጸደይ ባሃ የተባለው የአበባ በዓል በዚያ ይከበራል፤ ሶህራይ በተባለው የመከር በዓል ደግሞ ያረሱት ከብቶች ታጥበውና ቀንዳቸው ቅባት ተቀብቶ ይከበራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1793 እንግሊዞች በቤንጋል የመሬት ግብርን ለዘለቄታው ከወሰኑ በኋላ ዛሚንዳር የተባሉት ባለመሬቶች የእርሻ መሬታቸውን ለማስፋት ሳንታሎችን ደን እንዲመነጥሩላቸው ያስመጡ ጀመር። በ1832 ገደማ ደግሞ መንግሥት በራጅማሃል ኮረብቶች ግርጌ ዳሚን ኢ ኮህ የተባለ ሰፊ ቦታ ከልሎ ስለሰጣቸው፣ በ1838 40 የነበሩት መንደሮች በ1851 ወደ 1,473፣ 3,000 የነበረው ነዋሪም ከ82,000 በላይ ደረሰ። መሬቱ ሲለማ ግን ግብሩ ከበደ፤ ዲኩ ብለው የሚጠሯቸው ከውጭ የመጡ ነጋዴዎችና አራጣ አበዳሪዎችም ገብተው ሲገዙ በከባድ ሚዛን፣ ሲሸጡ በቀላል ሚዛን እየሰፈሩ ገበሬውን በዕዳ ያዙት፤ ዕዳውን መክፈል ያቃተውም መሬቱን ከመነጠቅ አልፎ ለአበዳሪው በጉልበቱ ለማገልገል ተገደደ፣ ፍርድ ቤቱም ሩቅ ስለነበር አቤቱታው ሰሚ አጣ።

ከዚህ የተነሣ ሰኔ 30 ቀን 1855 እ.ኤ.አ. ሲዱና ካንሁ ሙርሙ የተባሉ ወንድማማቾች በቦግናዲህ መንደር እጅግ ብዙ ሕዝብ ሰብስበው ሁል የሚባለውን አመፅ አወጁ፤ የክተት ጥሪውም ከመንደር ወደ መንደር በሚተላለፍ የሳል ቅርንጫፍ ተሰራጨ። ቀስትና መጥረቢያ የታጠቁት ገበሬዎች በጠመንጃና በዝሆን የተጠናከረውን ጦር ለወራት ቢቋቋሙም፣ በኅዳር ወር የጦር ሕግ ታወጀባቸውና ብዙ ሺህ ሰዎች ካለቁ በኋላ ተሸነፉ፤ ሁለቱ መሪዎችም ተይዘው ተገደሉ።

ሽንፈቱ ግን ፍሬ ቢስ አልነበረም። በዚያው ዓመት ማብቂያ ሳንታል ፓርጋና የተባለ ራሱን የቻለ አውራጃ ተቋቋመ፤ በ1949 የወጣው የመሬት ይዞታ ሕግም የገበሬው ርስት ወደ ባዕድ እጅ እንዳይተላለፍ በጥብቅ ገደበ። ራጉናት ሙርሙ በ1925 ለቋንቋው የፈጠሩት ኦል ቺኪ የተባለ ፊደል በትምህርት ቤት አገልግሎት ላይ ውሏል፤ ሳንታሊ በ2003 በሕገ መንግሥቱ ከተዘረዘሩት ቋንቋዎች ጋር ተቆጥሯል፤ የዚሁ ሕዝብ ተወላጅ ድሮፓዲ ሙርሙም በ2022 የሕንድ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። የሕንድ የነፃነት ትግል ታሪክ ብዙ ጊዜ ከ1857ቱ የወታደሮች አመፅ ሲጀመር ይታያል፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድመው በቀስት የተነሡት የሳንታል ገበሬዎች በዚያ ታሪክ መግቢያ ላይ ስማቸው ሊጻፍ ይገባል።