ላይፋይ

ላይፋይ በአምፖል ብርሃን መረጃ የማስተላለፍ ዘዴ ነው። ስያሜውን ያስተዋወቁት በወቅቱ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ሃራልድ ሃስ በ2011 እ.ኤ.አ. በጠረጴዛ መብራት ቪዲዮ አስተላልፈው አሳይተዋል። የኤልኢዲ አምፖሉ ብርሃን ዓይን በማይደርስበት ፍጥነት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ተቀባዩም ይህን ለውጥ ወደ መረጃ ይመልሰዋል።

ፈተናው ከአንድ አምፖል ሥር ብዙ ተጠቃሚ ሲኖር ነው። ጊዜ ወይም ፍሪኩዌንሲ ቢከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል። “ኖማ” የተባለው ስልት ግን የሁሉንም መልእክት በአንድ ጊዜና በአንድ ፍሪኩዌንሲ ደራርቦ ይልካል፤ የሚለያቸው የተመደበላቸው ኃይል ነው። ብርሃኑ ደክሞ ለሚደርሰው ተጠቃሚ ብዙ ኃይል ይሰጣል። ብርሃን በደንብ የሚደርሰው ደግሞ የዚያን መልእክት አስቀድሞ ፈትቶ ይቀንስና የራሱን ያነባል። እጅግ የሚደነቅ ብልሃት ነው!

ሁለቱ ተጠቃሚዎች የሚያገኙት ብርሃን እኩል ሲሆን ግን ጥቅሙ ይመነምናል።