የቡናችንን ዋጋ ማን ቆረጠው?

እህቶቼ፣ የምንሠራበት ቤት ሁሉ ቡና አይጠፋም። ሄል የገባበትን ቀህዋ ስናቀርብ ዘሩ ከኛ አገር መምጣቱን ከጠጪዎቹ ብዙዎቹ አያውቁም። እስቲ ታሪኩን ላውጋችሁ።

ቡና ከኛ ጫካ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ገባ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ጸሎት እንቅልፍ ማባረሪያ ይጠጡት ነበር። ከዚያ ሞካ የምትባለው የየመን ወደብ የዓለም ቡና መውጫ ሆነች። በኋላ ደቾች ችግኙን ጃቫ ወስደው ተከሉ፤ ገበያው ከሞካ እየራቀ ሄደ፣ ስሟ ብቻ ቀረ። ዘሩ ያንተ ስለሆነ ብቻ ትርፉ ያንተ አይሆንም።

በፈረንጆቹ 1962 ቡና ሻጭና ገዢ አገሮች ስምምነት አደረጉ። ገበያው እንዳይጥለቀለቅ እያንዳንዱ አገር የሚልከው መጠን ተወሰነ። በ1980ዎቹ የታሰበው ዋጋ ለአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ለማይሞላ ቡና፣ ከ1.20 እስከ 1.40 ዶላር ነበር። በ1989 ኮታው ቀረ። በ2001 ዋጋው ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ።

እኔ የተወለድኩት በዚያ ሰሞን ነው። አባቴ ቡና ገበሬ ነው። እናቴ «ለለቀማ የከፈልነው ከሸጥነው በለጠ» ትላለች። ታላቅ እህቴ ከትምህርት የቀረችው ያኔ ነው። ሐረርጌ ደግሞ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። ዋጋ ሲወድቅ ቡናውም፣ ቡናው የሚያድግበት የጥላ ዛፍም አብሮ ይቆረጣል።

ታዲያ ንግድ ይቅር ልል ነው? አይደለም። በ1999 የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ተቋቋመ። ዩኒየኑ ቡናውን ራሱ ውጭ ይሸጣል። ፌርትሬድ በሚባለው ገበያ ዋጋው ከተወሰነ ወለል በታች አይወርድም፤ በላዩ ላይ የሚጨመረው ገንዘብ ለትምህርት ቤት፣ ለንጹሕ ውሃ ይውላል። በ2005 መንግሥታችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አሜሪካ ውስጥ አመለከተ። ከክርክር በኋላ በ2007 ስታርባክስ ስምምነት ፈረመ።

ግን አሁንም አብዛኛው ቡናችን ጥሬውን ነው የሚወጣው። የሚቆላውና የሚታሸገው ውጭ ነው፤ ትልቁ ትርፍ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

የኛም ጉልበት እንደ ጥሬ ቡና ወጥቷል፤ ዋጋውን የቆረጡት ሌሎች ናቸው። ገበሬው ብቻውን ነጋዴ ፊት ሲቆም የተሰጠውን ይቀበል ነበር። ሲደራጅ ግን ተደራደረ። ማኅበራችን ውስጥ ስለ ደመወዝ ወለልና ስለ ዕረፍት ቀን ስንነጋገር ይሄን እናስበው።